ቤት ውሃ ሲገባው፡ ማድረቂያውን እንዴት እንምረጥ?

ውድ አንባቢያን፣ ክረምት ሲበረታ ጎርፍ ከደጅ ይገባል፤ ጣሪያም ያፈሳል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ወር መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን መውሰዱ አይዘነጋም። ውሃው ከጎደለ በኋላም ግን አደጋው አያበቃም። እርጥብ ቤት ያሳምማል፤ በተሳሳተ መንገድ ማድረቅ ደግሞ ሊገድል ይችላል። በዚህ ወር የምንማረው ስለዚሁ ነው።

ለምን እንቸኩላለን?

እርጥብ ምንጣፍ፣ ግድግዳና ኮርኒስ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ማውጣት ይጀምራል። ከሻጋታው የሚነሳው ብናኝ ሳልና የዓይን ማሳከክ ያመጣል። አስም ላለበት ሰው ደግሞ መድኃኒቱን እየወሰደም ቢሆን ሕመሙን ሊቀሰቅስበት ይችላል።

ከሁሉ በፊት ዋናውን የመብራት ማጥፊያ ያጥፉ። ማጥፊያው ጋ ለመድረስ ውሃ ውስጥ መቆም ግድ ከሆነ ግን አይንኩት፤ ባለሙያ ይጥሩ። ውሃ የነካውን መስመር ባለሙያ ሳያየው ማንኛውንም መሣሪያ አይሰኩ።

1. ባልዲ፣ መጥረጊያና ጨርቅ፦ የመጀመሪያዎቹ ማድረቂያዎች እነዚህ ናቸው። ጓንትና ቦቲ ጫማ አድርገው ውሃውንና ጭቃውን ያውጡ። ምንጣፉን ከወለሉ አንስተው ወደ ውጭ ያውጡት። የጎርፍ ውሃ ከሽንት ቤት ፍሳሽ ጋር ስለሚቀላቀል የራሰውን የስፖንጅ ፍራሽ መጣል ይሻላል።

2. ማራገቢያ (ቬንትሌተር)፦ ዋጋው ቀላል፣ ጥቅሙ ትልቅ ነው። ዝናቡ ባቆመበትና ፀሐይ በወጣበት ሰዓት ትይዩ ያሉትን መስኮቶች ከፍተው አንዱ ጋ ፊቱን ወደ ውጭ አዙረው ያቁሙት፤ እርጥቡን አየር ያስወጣልዎታል። ሻጋታ ቀድሞ ከወጣ ግን ብናኙን በየክፍሉ ስለሚበትነው መጀመሪያ ሻጋታው ይጽዳ።

3. እርጥበት መምጠጫ ማሽን፦ አየሩ ውስጥ ያለውን እርጥበት ወደ ውሃነት ለውጦ በማጠራቀሚያው ይይዛል። ሲሠራ በርና መስኮት ይዘጋል፤ ያለዚያ የደጁን እርጥበት ሲመጥጥ ይውላል። ሲገዙ «በቀን 20 ሊትር» የሚል ጽሑፍ ብቻ አይመልከቱ። ይህ መጠን ብዙውን ጊዜ የሚለካው በ30 ዲግሪ ሙቀት ስለሆነ በደጋ አካባቢ የሚያወጣው ውሃ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። እንደ ፍሪጅ በኮምፕሬሰር የሚሠራው ዓይነት ከ15 ዲግሪ በታች ይደክማል። ውድ ስለሆነ ጎረቤታሞች ወይም የመስጊድ ጀመዓ በጋራ ገዝተው ቢጠቀሙበት ያዋጣል።

4. የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፦ ሙቀት ውሃውን ከግድግዳው ያስወጣዋል እንጂ ከቤት አያስወጣውም። ስለዚህ ከማራገቢያ ወይም ከመምጠጫው ማሽን ጋር ካልሆነ ብቻውን አይጠቅምም።

ከሰል ፈጽሞ አይሆንም!

ቤቱ እንዲደርቅ ብሎ የከሰል ምድጃ አስገብቶ በር መዝጋት የቤተሰብ ሕይወት የሚያጠፋ ስህተት ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ምልክቶቹ ናቸው። የቤተሰቡን ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው ክኒን አይፈልጉ። ሁሉንም ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር አውጥተው ወደ ሆስፒታል ይውሰዱ፤ ሕክምናው ኦክስጅን ነው። የጋዝ ምድጃም ይህንኑ መርዝ ሊያወጣ ይችላል፤ አንድ ሊትር ነጭ ጋዝ ሲነድ ደግሞ አንድ ሊትር ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ወደ ቤቱ ይለቃል። ጄኔሬተርም ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ ውጭ ይቀመጥ።

ቤቱ መድረቁን በምን እናውቃለን?

ክንድ የሚያህል ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቀው ያሳድሩት። በማግስቱ ከላስቲኩ ሥር ጠብታ ካዩ ግድግዳው ገና እርጥብ ነው፤ ቀለም አይቀቡት። በተለይ የጭቃ ቤት ጊዜ ይፈልጋል።

ውድ አንባቢያን፣ ገንዘብ ካጠረዎት ባልዲ፣ ማራገቢያና የተከፈተ መስኮት ብዙውን ሥራ ይሠራሉ። እሳቱን ግን ከደጅ ይተዉት። አላህ ቤታችንንና ቤተሰባችንን ይጠብቅልን። ወሰላሙ አለይኩም።