ለእንደራሴ የሚጻፍ ደብዳቤና የስደተኛው ጉዳይ



ከቁረይሾች በደል ሸሽተው እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ወደ ሐበሻ የተሰደዱትን ሙሃጅሮች ታሪክ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እየሰማን አድገናል። ከታሪኩ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ልብ የማንለው አንድ ነገር አለ። ይኸውም በነጃሺ ፊት የቀረበው ጉዳይ በዛሬው አነጋገር «ስደተኞቹ ወደመጡበት ይመለሱ» የሚል አቤቱታ መሆኑ ነው። ዐምር ኢብኑል ዓስና ዐብዱላህ ኢብን አቢ ረቢዓ አቤቱታውን ይዘው ሲመጡ ከንጉሡ በፊት ለሹማምንቱ ስጦታ አደሉ። ሹማምንቱም ስደተኞቹ ምንም ሳይጠየቁ ተላልፈው እንዲሰጡ መከሩ። ንጉሡ ግን የሌላውን ወገን ቃል ሳይሰማ አልፈርድም አለ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ ተነስቶ ስለ ወገኖቹ ተናገረ፤ ከሱረቱ መርየምም አነበበ። መልእክተኞቹም ስጦታቸው ተመልሶላቸው ባዶ እጃቸውን ሄዱ።

እስቲ እንጠይቅ፤ በዚያን ቀን ጃዕፈር ዝም ቢል ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ንጉሡ ፍትሕ ወዳድ ነበር፤ ሆኖም ለመፍረድ ቃል ያስፈልገው ነበር። በዛሬው ዘመን በብዙ አገሮች ስለ ስደተኛ የሚወስኑት የሕዝብ ተመራጮች ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ የሚወስኑት በአብዛኛው በሰሙት ልክ ነው። ማን ጻፈላቸው? ማን ደወለላቸው? ምን ብሎ? በከተሞቻችን ባሕር ማዶ ወንድም ወይም እህት የሌለው ቤተሰብ ጥቂት በመሆኑ ጥያቄው የእኛም ነው። ለዚህ ትምህርት የሚሆነንን ምሳሌ ከአሜሪካ እንውሰድ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የራሳችን መሆናቸው ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አቤቱታ የማቅረብ መብት

በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ላይ በ1791 የተጨመረው የመጀመሪያው ማሻሻያ ከሃይማኖትና ከንግግር ነጻነት ጋር ሕዝቡ ለመንግሥት አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳለው ደንግጓል። ምክር ቤታቸው ሁለት ክፍል አለው። የተወካዮች ምክር ቤት 435 አባላት አሉት፤ በየሁለት ዓመቱ ይመረጣሉ። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ደግሞ 100 አባላት አሉት፤ የእያንዳንዳቸው ዘመን 6 ዓመት ነው። በየሁለት ዓመቱ የመራጩን ፊት የሚያይ ሰው ደብዳቤ አይንቅም።

በየተመራጩ ቢሮ የሚመጣውን ደብዳቤና ስልክ የሚቀበሉ ሠራተኞች አሉ። በመጀመሪያ የሚያዩት የጻፈው ሰው የዚያ ወረዳ ነዋሪ መሆን አለመሆኑን ነው፤ ካልሆነ ብዙውን ጊዜ ወደ ራሱ ተወካይ ይመሩታል። ከዚያም ስንቱ እንደደገፈ፣ ስንቱ እንደተቃወመ ቆጥረው ለተመራጩ ያቀርባሉ። በ2001 በፖስታ የአንትራክስ መርዝ ለሁለት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላት ከተላከ ወዲህ ወደ ምክር ቤቱ የሚላክ ፖስታ ሌላ ቦታ እየተፈተሸ ስለሚገባ ይዘገያል። በመሆኑም ለአስቸኳይ ጉዳይ ሰዉ የሚመርጠው ስልክና ኢሜይል ነው።

ጡብ በፖስታ

በታኅሣሥ 2005 የተወካዮች ምክር ቤት አንድ ብርቱ ረቂቅ ሕግ በ239 ድጋፍና በ182 ተቃውሞ አሳለፈ። ረቂቁ ያለ ፈቃድ በአገሪቱ መገኘትን ከባድ ወንጀል የሚያደርግ፣ በሜክሲኮ ድንበርም ረጅም አጥር እንዲሠራ የሚያዝ ነበር። በ2006 የጸደይ ወራት በሎስ አንጀለስ፣ በቺካጎና በሌሎች ከተሞች በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞችና ደጋፊዎቻቸው ተቃውመው ሰልፍ ወጡ።

አጥሩን የሚፈልጉት ዜጎች ደግሞ ሌላ ዘዴ አመጡ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለእንደራሴዎቻቸው «ግንቡን ጀምሩ» ለማለት በፖስታ የሸክላ ጡብ ላኩ! የቢሮ ሠራተኞች ደብዳቤ እንደሚያነቡ ሁሉ ጡብ ሲደረድሩ ሰነበቱ። በአገሪቱ ቴሌቪዥንና ጋዜጦችም ተወራ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ፕሬዚዳንት ቡሽ 700 ማይል ያህል አጥር የሚያዝዘውን ሕግ ፈረሙ። ሕጉን ያስገኘው ጡቡ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ተመራጮቹ ግን የሕዝቡን ስሜት በእጃቸው እንዲመዝኑት አድርጓል።

ስልኩ የተጨናነቀበት ቀን

ትልቁ ትምህርት ያለው በ2007 ነው። በወቅቱ ያለ ሕጋዊ ወረቀት በአሜሪካ የሚኖሩት 12 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆኑ ይገመት ነበር። ፕሬዚዳንት ቡሽና ከሁለቱም ፓርቲዎች የተውጣጡ የምክር ቤት አባላት ለእነዚህ ሰዎች ቅጣት ከፍለው ሕጋዊ የሚሆኑበትን መንገድ የሚከፍት፣ ከዚያ አስቀድሞ ግን የድንበር ጥበቃውን የሚያጠብቅ ረቂቅ አቀረቡ። ተቃዋሚዎቹ «ይህ ሕግ ለጣሰ ምሕረት ነው» አሉ። በሬዲዮ ተቀሰቀሰ፤ ፋክሱ፣ ኢሜይሉና ስልኩ ጎረፈ። ወሳኙ ድምፅ በተሰጠበት በሰኔ 28 ቀን የምክር ቤቱ የስልክ ማዞሪያ ከጥሪ ብዛት የተነሳ ተጨናንቆ ሥራ አቆመ። ረቂቁ ወደ ፊት ለመሄድ 60 ድምፅ ያስፈልገው ነበር፤ ያገኘው 46 ሲሆን 53ቱ ተቃወሙ። በዚያው ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። በወቅቱ የተሰበሰቡት የሕዝብ አስተያየቶች እንደሚያመለክቱት ብዙው አሜሪካዊ ለእነዚህ ሰዎች መንገድ ቢከፈት አይቃወምም ነበር። ሆኖም «አልቃወምም» የሚል ሰው ስልክ አያነሳም። ስልክ የሚያነሳው የተቆጣ ነው። ተመራጩ ጆሮ የደረሰውም የተቆጣው ድምፅ ነው። በልብ የተያዘ ድጋፍ በቢሮው መዝገብ ላይ አይቆጠርም።

የተቆጡትንም ቢሆን ሁሉንም በአንድ ዓይን ማየት ፍትሕ አይደለም። ከመካከላቸው ባዕድ የሚጠላ አለ። ሥራዬና ደመወዜ ይወርድብኛል ብሎ የሚሰጋ ሠራተኛም አለ። ወረፋውን ጠብቆ፣ ገንዘቡን ከፍሎ በሕጋዊ መንገድ የገባና «ሌላው ለምን ይዘለኛል?» የሚል ስደተኛም አለ። ከእኛው ወገን እንዲህ የሚል የለም?

ረቂቁን ሳያነቡ መጻፍ

የ2007ቱ ረቂቅ ለእኛ ሰው ሁለት መልክ ነበረው። በአንድ በኩል ወረቀት ለሌላቸው በር ይከፍታል። በሌላ በኩል ደግሞ አንድ አሜሪካዊ ዜጋ ወንድሙን ወይም እህቱን የሚያስመጣበትን መንገድ ለወደፊቱ የሚዘጋ፣ በምትኩ በትምህርትና በሙያ ነጥብ የሚመርጥ ነበር። የወንድምና የእህት ወረፋ ከ10 ዓመት በላይ እንደሚያስጠብቅ ያየነው ነው፤ ቢሆንም በዚያ ወረፋ ተስፋ የጣለ ቤተሰብ ብዙ ነው። በ2013 የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በ68 ድጋፍና በ32 ተቃውሞ ያሳለፈው ሌላ ረቂቅም እንዲሁ ወረቀት ለሌላቸው መንገድ እየከፈተ፣ በ1990 በወጣው ሕግ የተቋቋመውንና ብዙ ኢትዮጵያውያን የሄዱበትን የዲቪ ሎተሪ የሚያስቀር ነበር። የተወካዮች ምክር ቤት ለድምፅ ስላላቀረበው ሕግ ሳይሆን ቀረ።

እንግዲህ በዋሽንግተን ወይም በሚኒያፖሊስ የሚኖር ወንድማችን «ሕጉን እደግፋለሁ» ብሎ ቢጽፍ የእህቱን በር ሊዘጋ ነው፤ «እቃወማለሁ» ቢል የጎረቤቱን። ትክክለኛው ደብዳቤ «ይህ አንቀጽ ይጽደቅ፣ ያኛው ይሻሻል» የሚለው ነው። ይህን ለማለት ግን ረቂቁን ማንበብ ግድ ይላል።

ጥሩ ደብዳቤ ምን ይመስላል?

1ኛ፣ ጸሐፊው ማን እንደሆነና የት እንደሚኖር ይግለጽ። አድራሻ የሌለው ደብዳቤ ባለቤት የለውም።

2ኛ፣ በአንድ ደብዳቤ አንድ ጉዳይ ብቻ ይነሳ፤ የረቂቁ ቁጥርና አንቀጹ ይጠቀስ።

3ኛ፣ በራስ ቃል ይጻፍ። ተባዝቶ የታደለውን ቅጽ ፈርመው የሚልኩ ብዙ ናቸው፤ ሠራተኛው በጅምላ ይቆጥረዋል። «ወንድሜን ለማስመጣት ይህን ያህል ዓመት ጠብቄአለሁ» የሚለው ደብዳቤ ግን ይነበባል።

4ኛ፣ እውነት ብቻ ይጻፍ። ያልተጣራ ቁጥርና ወሬ አንዴ ከተነቃበት ጸሐፊውን ለሁልጊዜው ያስንቀዋል። በእኛ ዘንድም የሰሙትን ሁሉ ማውራት ከውሸት እንደሚቆጠር የምናውቀው ነው።

5ኛ፣ ስድብና ማስፈራራት አይኑርበት። ስለ ስደተኞች ሲጻፍም ቃል ይመረጥ፤ ጥገኝነት የጠየቀ፣ ቪዛው ያለፈበትና ድንበር አቋርጦ የገባ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም።

6ኛ፣ መልስ ይጠየቅ፤ ሲመጣም ይቀመጥ። በምርጫ ጊዜ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ከዚህም ሌላ ብዙ ወገኖቻችን የማያውቁት ነገር አለ። ፋይሉ በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የዘገየበት ሰው የወረዳውን ተወካይ ቢሮ እንዲጠይቅለት ማመልከት ይችላል። ቢሮው በቅድሚያ የፈቃድ ቅጽ ያስፈርመዋል፤ ከዚያም መሥሪያ ቤቱን ይጠይቅለታል። የመምረጥ መብት የሌለው ነዋሪም ቢሆን ማመልከት አይከለከልም። ቢሮው ውሳኔ ማስለወጥ አይችልም፤ የት እንደደረሰ ማስነገር ግን ይችላል።

በአገራችንስ?

ጉዳዩ የባሕር ማዶ ሰዎች ብቻ አይደለም። በ2013 መጨረሻ ሳዑዲ ዐረቢያ ወረቀት የሌላቸውን ማስወጣት ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። በ2016 የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሲጸድቅ 8ኛ ክፍል ያላጠናቀቀ ሰው በሕጋዊ መንገድ ለሥራ እንዳይሄድ ደንግጎ ነበር። አዋጁ በ2021 ተሻሽሏል። ነገር ግን ያን ጊዜ ከገጠር የመጣችና 4ኛ ክፍል ያቋረጠች ልጅ ምን ልትሆን ነበር? ደላላው በጅቡቲ በኩል ወደ ኦቦክ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ የመን የሚወስደው እንዲህ ያለችውን ነው። ረቂቁ በምክር ቤት ሳለ ስንቶቻችን ለተወካያችን ጻፍን? የመረጥነውን ተወካይ ስምስ ስንቶቻችን እናውቃለን?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብን መብት፣ በአንቀጽ 12 ደግሞ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው የማንሳት መብቱን አስፍሯል። በወረቀት ያለው መብት በሥራ ላይ ሲውል ገና ብዙ ይቀረዋል ብትሉኝ አልከራከርም። ይሁንና ያልተጠየቀ ተወካይ «ማን ጠየቀኝ?» የሚል ምክንያት አለው። የተጻፈለት ግን ያን ምክንያት ያጣል።

ውድ አንባቢ፣ ከአንተ ቤት ወይም ከጎረቤትህ ቤት አንድ ሰው ዛሬ በባዕድ አገር ያለ ወረቀት እየኖረ ይሆናል። እሱ ራሱ ወጥቶ ሊናገር አይችልም፤ ይፈራል። ጃዕፈር ለራሱ የመናገር ዕድል ያገኘው የሚሰማው ንጉሥ ስላጋጠመው ነው። ለዚያ ሰው መናገር የሚችለው ወረቀትና ድምፅ ያለው ወገኑ ነው። ለባሕር ማዶ ዘመድህ በምትደውልበት ቀን ስለ ሐዋላው ብቻ አትጠይቀው፤ «ለተወካይህ ጽፈህ ታውቃለህ?» በለው። እሱ ሲጠይቅህም አንተ የምትመልሰው ይኑርህ።

አላህ እውነትን ተናግረን ፍትሕን ከሚያገኙት ያድርገን።