ከባዜቃ እስከ ቢስመዝ፦ ስለ ፖሊዩሬቴን አቀላጣፊዎች

ከሥላሴ ተነሥተን ወደ ፒያሳ ስንሄድ በታክሲ ጣራ ላይ የታሰረ የስፖንጅ ፍራሽ እናያለን። ብዙዎቻችን የምንረግጥበት የጫማ ሶልም የዚያው ቤተ ሰብ ነው። ሁለቱም ፖሊዩሬቴን ናቸው፤ ይህንም ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ በ1937 በጀርመን አገር ፈለሰፉት (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

ፖሊዩሬቴን የሚገኘው አይሶሲያኔትና ፖሊዮል የሚባሉ ሁለት ፈሳሾች ሲዋሐዱ ነው። ለስፖንጅ ጥቂት ውኃ ይጨመራል፤ ውኃው ከአይሶሲያኔት ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣና እንደ ዳቦ ሊጥ ያስነሣዋል። ሊጡ ሳይጠና ጋዙ ከቀደመ ስፖንጁ ይሟሽሻል። ስለዚህ ሁለቱን ሥራዎች እኩል የሚያስኬድ ካታሊስት፥ ማለት አቀላጣፊ፥ ያስፈልጋል።

አቀላጣፊ በሥራው አያልቅም ብለን ተምረናል። ካላለቀ ግን የት ይሄዳል? የብረታ ብረት አቀላጣፊ አብዛኛውን ጊዜ በዕቃው ውስጥ ይቀራል። ነገሩ የሚከብደውም ከዚህ ላይ ነው።

ከ1960ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የስፖርት አዳራሽ ወለል፥ ባዜቃ (ሜርኩሪ) ባለበት ፖሊዩሬቴን ተነጥፎ ነበር፤ ከብዙ ዓመታት በኋላም የባዜቃ ተን ሲወጣው ተገኘ። ፋብሪካዎች የወደዱት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ለማፍሰስ ጊዜ ይሰጣል፥ ከዚያም ቶሎ ያጠናል፥ እርጥበትም አያውከውም። የአውሮፓ ኅብረት አምስት የፌኒልሜርኩሪ ውሕዶችን በ2017 አገደ።

ዳይቡቲልቲን የተባለው የቆርቆሮ (ቲን) ውሕድም ፅንስን የሚጎዳ ስለ ሆነ፥ ከ2012 ጀምሮ እዚያው ለሕዝብ በሚሸጥ ዕቃ ውስጥ ቲኑ በክብደት ከ0.1 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኗል። የፍራሽ ስፖንጅ ግን በአብዛኛው የሚሠራው ስታነስ ኦክቶኤት በሚባል የቲን ጨው ነው፤ ይህ ቲን ከካርቦን ጋር በቀጥታ አልተያያዘምና ጉዳቱ ያነሰ ነው።

አሁን ተስፋ የተጣለበት ቢስመዝ ነው። በፔሪዮዲክ ሠንጠረዥ ባዜቃ 80ኛ፥ እርሳስ 82ኛ፥ ቢስመዝ 83ኛ ነው። የመርዛሞች ጎረቤት ሆኖ ሳለ ውሕዶቹ ለሆድ ሕመም መድኃኒት ሆነዋል። ጉድለቱ ግን ውኃ ሲያገኘው ፈርሶ ኀይሉን ማጣቱ ነው፤ ስለዚህ ከስፖንጅ ይልቅ ለቀለምና ለማጣበቂያ ይመቻል። ዚንክ ደግሞ ካልሞቀ ይዘገያል። ሁለቱን ቀላቅሎ መጠቀም አንዱ መላ ነው።

እንግዲህ ከመካከላችን ነገ ፋብሪካ የሚገባ ሁሉ «በስንት ደቂቃ ያጠናል?» ብሎ ብቻ አይብቃው፤ «ምን ሆኖ ይቀራል?» ብሎም ይጠይቅ። በፍራሹ ላይ የሚተኛው ሕፃን ይህን ሊጠይቅ አይችልምና።