የእባብ መድኃኒት የተባለ ዕፅ ሲፈተን፦ ደረጃ በደረጃ

ከሶዶ ወደ ሁምቦና ወደ ብላቴ ቆላ ሲወረድ፣ እባብ ለነደፈው ሰው ሥር ቀምሞ የሚሰጥ አዋቂ አይታጣም። ይህ መመሪያ ያንን ዕውቀት በቤተ ሙከራ ሊመረምሩ ለሚነሱ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መሰሎቻቸው ነው። ከሁሉ በፊት ግን የተነደፈ ሰው መፈተኛ አይደለም። የተነደፈው እጅ ወይም እግር እንዳይንቀሳቀስ ተደግፎ፣ ቀለበትና አምባሩ ወልቆ፣ ሳይበጣ፣ ሳይመጠጥ፣ በገመድም ሳይታሰር ቶሎ ሆስፒታል ይድረስ።

አንደኛ፦ «ስንቱን አዳነ?» ከሚለው አትነሱ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓመት 5.4 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በእባብ ይነደፋሉ፤ መርዙ የሚጎዳቸው ግን ከ1.8 እስከ 2.7 ሚሊዮን ናቸው። ቢያንስ ግማሹ ምንም ባይጠጣም ይተርፋል ማለት ነው። አዋቂው ያየውን በቅንነት ቢናገርም፣ ምስክርነቱ ብቻውን ዕፁ መሥራቱን አያሳይም።

ሁለተኛ፦ ፈቃድ ጠይቁ፤ ከአዋቂው፣ ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትና ከዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ። የማኅበረሰብ ዕውቀት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 የተጠበቀ ነው። ከዚያ አዘገጃጀቱን በጥሞና ተከታተሉ፦ ሥሩ ነው ቅጠሉ? ይጠጣል ወይስ ይቀባል? በስንት ሰዓት ውስጥ? ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ የእንዶድን ቀንድ አውጣ ገዳይነት ያገኙት፣ ሴቶች ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ የሚሆነውን በዓይናቸው ተመልክተው ነው።

ሦስተኛ፦ የተክሉን ናሙና ከአበባው ወይም ከፍሬው ጋር አድርቃችሁ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም አስለዩ። እምቧይ ከድንች ወገን ነው፤ የምድር እምቧይ ከዱባ። በስም ብቻ የተሰበሰበ ተክል ሙከራውን ከሥሩ ያበላሸዋል።

አራተኛ፦ መርዙን ለይታችሁ ምረጡ። የእፉኝት ወገን የሆነው የፐፍ አደር መርዝ ያሳብጣል፣ ያደማል፣ ሥጋ ይገድላል፤ የማምባ ነርቭ አስሮ ትንፋሽ ያቋርጣል። «ለእባብ ሁሉ» የሚባል ዕፅ በእያንዳንዱ መርዝ ለየብቻ ይፈተን። እባብ ለመያዝ አትሞክሩ፤ የደረቀ መርዝ ፈቃድ ካላቸው አቅራቢዎች ይገዛል።

አምስተኛ፦ ዕፁ ራሱ መርዝ አለመሆኑን፣ ያለ እባብ መርዝ፣ በአይጦች ላይ አረጋግጡ።

ስድስተኛ፦ ብዙ ጥናት የሚስተው እዚህ ላይ ነው። የተለመደው አሠራር መርዙንና የዕፁን ጭማቂ በብልቃጥ ቀላቅሎ ማቆየት፣ ከዚያም አይጧን መውጋት ነው። ፀረ መርዝ ሲመዘን ይህ ያስኬዳል፤ ፀረ እንግዳ አካሉ የሚይዘው ያንኑ መርዝ ነውና። በብዙ ቅርፊትና ሥር ውስጥ ያለው ታኒን ግን ቆዳ የሚያለፋው ንጥረ ነገር ነው፤ ያገኘውን ፕሮቲን ሁሉ ይዞ ያዘቅጣል። መርዝም ፕሮቲን ስለሆነ ብልቃጡ ውስጥ ይከሽፋል፤ አይጧም ትተርፋለች። በሰው ደም ውስጥ ለገባ መርዝ ግን ይህ ምንም አይናገርም። ስለዚህ ጭማቂውን በመጀመሪያ ከእንቁላል ነጭ ጋር ቀላቅሉት፤ ያንንም ካዘቀጠ ታኒኑን አስወግዳችሁ ድገሙ።

ወሳኙ ፈተና ግን ቅደም ተከተሉን እንደ ኑሮው ማድረግ ነው፦ መጀመሪያ መርዙ፣ ጥቂት ቆይቶ መድኃኒቱ። አዋቂው የሚያጠጣ ከሆነ አይጧም ትጠጣ፤ በመርፌ አትስጧት። መጀመሪያ ከአይጦቹ ግማሹን የሚገድለውን የመርዝ መጠን ለዩ፤ ፈተናውን በዚያ ብዜት አድርጉ። አንዱ ቡድን ውኃ ብቻ፣ ሌላው ፀረ መርዝ ይውሰድ። መዝጋቢው የትኛው ቡድን ምን እንደወሰደ አይወቅ። የሚሰቃይ እንስሳ የሚገላገልበት ነጥብም አስቀድሞ ይወሰን።

ሰባተኛ፦ ያልሠራውንም ጻፉ። ዕፁ ሞትን ባያስቀርም እብጠት ወይም ሕመም ሊቀንስ ይችላል፤ ያ ለብቻው ይለካ፣ በፀረ መርዝ ምትክ ግን አይቅረብ። ውጤቱን መጀመሪያ ለአዋቂው በሚገባው ቋንቋ ንገሩት፤ በሽተኛ ሲመጣበት ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል እንዲልክም ከጤና ኬላው ጋር አገናኙት።