የተኛን ሰርኪዩት ስለ መቀስቀስ



ባለፈው ዓመት ለወላጆች ቀን ትርኢት የኤሌክትሪክ ሙቀት መለኪያ ልሠራ ተነሥቼ ነበር። ለመለኪያውም አስቀድሞ ሙቀትና ብርድ የማይለውጠው ቮልት የሚሰጥ ሰርኪዩት አስፈለገኝ። ሠርቼ ስጨርስ አንዳንድ ቀን 1.2 ቮልት ይሰጣል፤ አንዳንድ ቀን ግን ዜሮ ነው። እኔም «ትራንዚስተሩ ተቃጥሏል» ብዬ እናቴ ከአስቤዛ ቈጥባ በሰጠችኝ ገንዘብ ሌላ ገዛሁ፤ አሁንም ዜሮ ሆነ። ለካ የፊተኛው ደኅና ኖሯል። ስሕተቴን ሌላ ተማሪ እንዳይደግመው ነገሩን እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

ይህን ዐይነት ሰርኪዩት አሜሪካዊው መሐንዲስ ሮበርት ዊድላር በ1971 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ገልጦታል። በትራንዚስተር ቤዝና ኤሚተር መካከል ያለው ቮልት፥ ሙቀት በ1 ዲግሪ በጨመረ ቍጥር 2 ሚሊቮልት ያህል ይቀንሳል። በአንጻሩ በአንድ ትራንዚስተርና በትይዩ በታሰሩ ስምንት ትራንዚስተሮች እኩል ከረንት ሲያልፍ፥ የቮልታቸው ልዩነት በ27 ዲግሪ 54 ሚሊቮልት ያህል ሲሆን ከሙቀት ጋር ያድጋል። ይህ ልዩነት በሬዚስተሮች 11 ጊዜ ያህል ተባዝቶ ከፊተኛው 0.6 ቮልት ጋር ሲደመር፥ የሚወርደውና የሚወጣው ተካክሰው 1.2 ቮልት ይሆናል። አምፕሊፋየሩም የሁለቱን ቅርንጫፎች ቮልት እያስተያየ እኩል ያደርጋቸዋል።

ችግሩም ከዚህ ላይ ነው። የእህል ተራ ሚዛን እህሉና መመዘኛው እኩል ሲሆኑ ይስተካከላል፤ ነገር ግን ሁለቱም ሳሕን ባዶ ሲሆን ደግሞ ይስተካከላል። እንደዚሁም ከረንት ከሌለ ሁለቱም ቅርንጫፍ ዜሮ ስለ ሆነ፥ አምፕሊፋየሩ ሥራው የተፈጸመ መስሎት ይቀመጣል። ኀይሉ ፈጥኖ ሲገባ በሚሰጠው ግፊት አንዳንድ ጊዜ ይነሣል፤ ቀስ ብሎ ሲገባ ግን ይተኛል።

የመረመርሁበት ሥርዓት ይህ ነው።

1ኛ፤ የኀይሉን ቮልት ከአምፕሊፋየሩ እግር ላይ ለካሁ፤ 5 ቮልት ደርሷል።

2ኛ፤ ሁለቱን ቅርንጫፎች ለካሁ፤ ሁለቱም ዜሮ ናቸው።

3ኛ፤ ከ5 ቮልቱ በ100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አድርጌ የነጠላውን ትራንዚስተር ቅርንጫፍ ለቅጽበት ነካሁ። ወዲያው 1.2 ቮልት ታየ፤ ሬዚስተሩን ባነሣውም ጸንቶ ቀረ። እንዲህ ከጸና ጉድለቱ የማስነሻ ብቻ ነው። ተመልሶ ከወደቀ ግን የአምፕሊፋየሩ መግቢያዎች ተለዋውጠው ወይም ትራንዚስተር ተገልብጦ እንደ ሆነ መመርመር ይገባል።

ሬዚስተሩን እዚያው ብተወው ትርፍ ከረንት እየጨመረ መለኪያውን ያሳስተዋል። ስለዚህ 5 ቮልቱን በ47 እና በ10 ኪሎ ኦም ከፍዬ 0.9 ቮልት ያህል አገኘሁና በዳዮድ በኩል ወደዚያው ቅርንጫፍ አገባሁት። ሰርኪዩቱ ሲተኛ ዳዮዱ ይገፋዋል። ነቅቶ ቅርንጫፉ 0.6 ቮልት ሲደርስ ግን፥ ለዳዮዱ የሚቀረው 0.3 ቮልት ብቻ ስለ ሆነ ተዘጋ ለማለት ይቻላል። ከዚያ ሃያ ጊዜ እያጠፋሁ አበራሁት፤ ሃያውንም ጊዜ ተነሣ።

በወላጆች ቀን እናቴ የክፍሉን ሙቀት በመለኪያዬ አነበበች። በከንቱ ስላወጣሁት ገንዘብም የዚያን ዕለት ነገርኋት። እርሷም «ዝም ያለ ሁሉ የሞተ አይደለም» አለችኝ። እኔም ወንድሞቼና እኅቶቼ ዕቃ ከመለወጣችሁ በፊት መርምሩ እላለሁ።