ከእልህ የሚበልጥ ጉዳይ

ቦታው ቆቦ ነው። መላሹ በጡረታ ላይ ያሉ የታሪክ መምህርና የአካባቢው የሽምግልና ሰው፣ ጠያቂዋ ዲፕሎማት መሆን የምትመኝ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት።

ልጅቷ፦ አያ፣ ዲፕሎማትነትን ከማን ልማር ብዬ ስጠይቅዎ ቹ ኤንላይን ጠሩልኝ። የራሳችን ዲፕሎማቶች እነ ከተማ ይፍሩ እያሉ ስለምን ቻይናዊ?

አዛውንቱ፦ ከተማ ይፍሩንማ ታነቢያለሽ፣ ግዴታሽ ነው። ቹን ያነሣሁት የሱና የኛ ነገር በደም ጀምሮ በወዳጅነት ስላለቀ ነው። በ1942 ዓ.ም. አዲሲቱ ቻይና ስትቆም ጠቅላይ ሚኒስትርም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርም ሆነ። የውጭ ጉዳዩን በ1950 ለሌላ አስረከበ፤ ጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ግን በ1968 እስኪሞት አለቀቀም። እኛ ደግሞ በ1943 ቃኘው ሻለቃን ወደ ኮሪያ ላክን። ልጆቻችን የተዋጉት ከሰሜን ኮሪያና ከቻይና ጦር ጋር ነው።

ልጅቷ፦ ደም የተቃባ እንዴት ይቀራረባል?

አዛውንቱ፦ እዚህ ራያ ደም ሲፈስ አስታራቂው ዘወልድ ምን ያደርጋል? ሁለቱን ወገን በዚያው ቀን አያገናኝም። ያራርቃል፣ ቃል ያመላልሳል፣ ነገሩ ሲበርድ ነው ፊት ለፊት የሚያስቀምጣቸው። ከዞብል ማዶ ካሉት አፋሮች ጋር በግጦሽና በውኃ ስንጋጭም እንዲሁ ነው። ቹም መንገዱ ይኸው ነበር። በሚያዝያ 1947 በኢንዶኔዥያ ባንዱንግ 29 የእስያና የአፍሪካ አገሮች ሲሰበሰቡ ኢትዮጵያም ነበረች። ተናጋሪዎች እየተነሡ ኮሙኒዝምን ነቀፉ። ቹ ያዘጋጀውን ንግግር በጽሑፍ አስበተነና በምሳ ሰዓት ሌላ አጭር ንግግር አሰናዳ። ለጠብ አልመጣሁም፣ ልዩነታችን ባለበት ይቆይና የሚያገናኘንን እንፈልግ የሚል ነበር። ለነቀፋው በነቀፋ አልመለሰም።

ልጅቷ፦ ወደ እኛስ መጥቶ ያውቃል?

አዛውንቱ፦ በጥር 1956፣ አሥር የአፍሪካ አገሮችን በዞረበት ጉዞ መጣ። ጃንሆይ የተቀበሉት ግን አዲስ አበባ ሳይሆን አሥመራ ነው። ኢትዮጵያ ያኔ የአሜሪካ ወዳጅ ናት፤ አሥመራም የአሜሪካኖቹ የጦር ሰፈር ቃኘው ስቴሽን ያለባት ከተማ ነበረች። ሌላ ሰው ቢሆን ተናቅሁ ብሎ ይቀር ነበር። ቹ መጣ፣ ተነጋገረ፣ ሁለቱ አገሮች ግንኙነታቸውን ወደፊት እንደሚያስተካክሉ በመግለጫ አስጽፎ ሄደ።

ልጅቷ፦ በአንድ መግለጫ ብቻ?

አዛውንቱ፦ ልብ በዪ፣ መግለጫዋ ቀን የምትጠብቅ ዕዳ ናት። ከስድስት ዓመት በላይ ወሰደ፤ ኅዳር 15 ቀን 1963 ግንኙነቱ ተመሠረተ። ቻይና ከዚያ በፊት የኤርትራ ነፃነት ግንባርን (የጀብሃን) ተዋጊዎች ታሠለጥን ነበር፤ ከዚያ በኋላ እርዳታዋን አቆመች። ጃንሆይ በመስከረም 1964 መጨረሻ ቤጂንግ ሄደው ማኦን አገኙ። በጥቅምት ደግሞ የቻይና ወንበር በተባበሩት መንግሥታት ለቤጂንግ ይሰጥ ሲባል ኢትዮጵያ ደግፋ ድምፅ ሰጠች። ቹ አሥመራ ላይ እልሁን ቢያስቀድም ኖሮ ይህ ሁሉ ምናልባት በዘገየ ነበር። የምልሽ ይህን ነው፦ ክብርሽ ሲነካ የመጣሽበትን ጉዳይ አትርሺ።

ልጅቷ፦ ትዕግሥት ግን ለክፉም ያገለግላል። በቻይና የባህል አብዮት ጊዜ ቹ ምን አደረገ?

አዛውንቱ፦ ደግ ጠየቅሽ። ከ1958 ጀምሮ ሰው ሲዋረድና ሲታሰር ከወንበሩ አልወረደም። አንዳንዱን አትርፏል፤ በሌላው ክስና እስራት ላይ ግን የሱም እጅ አለበት። የውጭ ሰው ሲያስቀይምሽ መታገሥ ሙያ ነው፤ የገዛ ወገንሽ ሲበደል ዝም ማለት ግን በደል ነው። ሁለቱን ለይተሽ ያዢ።

ልጅቷ፦ ዛሬስ? ከሐራ ገበያ ወደ መቀሌ የሚዘረጋውን የባቡር መስመር ለመሥራት የተዋዋለው የቻይና ኩባንያ ነው። እኛ ራያዎች ከዚህ ምን እንማር?

አዛውንቱ፦ ቹ በዚያው የ1956 ጉዞ ቻይና እርዳታ የምትሰጥባቸውን ስምንት መርሆች አሳውቋል። አንዱ፣ የሚላከው ባለሙያ ከአገሬው ባለሙያ እኩል ይኑር፣ የተለየ ምቾት አይጠይቅ ይላል። የራሳቸውን ቃል ጠቅሶ መጠየቅ ጠብ አይደለም። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ብድር መክፈያ በ2010 መጨረሻ ከ10 ወደ 30 ዓመት የተራዘመውም ተቀምጦ በመነጋገር ነው።

ልጅቷ፦ እኔ ከየት ልጀምር?

አዛውንቱ፦ ቻይንኛ ተማሪ፤ አስተርጓሚ የነገረሽን ብቻ ይዘሽ አትፈርሚ። የሁለቱንም አገር ታሪክ አንብቢ። እረፍት ስትመጪ ሽምግልና ባለበት ተቀመጪና አድምጪ፦ ማን መጀመሪያ ይናገራል፣ ማን ዝም ይላል፣ የተቆጣው ሰው በምን ይበርዳል። ከሁሉ በፊት ግን የምትፈልጊውን እወቂ። ቹ አሥመራ ሲወርድ የሚፈልገውን ያውቅ ነበር፤ አገሩ እንድትታወቅለት ነው። አንቺም ስለ ባቡር ልትደራደሪ ስትገቢ፣ ማሽላና ሽንኩርት የሚያመርተው የቆቦ ገበሬ ከዚያ መስመር ምን እንደሚያገኝ፣ ጭነቱ በስንት ብር እንደሚቀልለት፣ መሬቱ ሲነካ ካሣው ማን ዘንድ እንደሚጠየቅ አስልተሽ ግቢ። ያን ይዘሽ ከገባሽ፣ የትኛው ከተማ ላይ ተቀበሉኝ ብለሽ አትቀየሚም።