ጀልባ ከውኃ ወጥታ ሳለች የሚደረግ ፈጣን ጥገናና እንክብካቤ

መግቢያ

በአርብ ገበያ አካባቢ ያለ የጋይንት ገበሬ ዝናብ ሳይጥል ማረሻውን ያስመታል፤ ሞፈርና ቀንበሩን ይመረምራል፤ የላላ ምራን ይለውጣል። በዚያው በደቡብ ጎንደር በስተምዕራብ፣ ከጉና የሚወርዱት ርብና ጉማራ በሚገቡበት በጣና ዳርቻ፣ ለዓሣ አጥማጁ ማረሻው ጀልባው ነው። ልዩነቱ ማረሻ በእርሻ ላይ ቢሰበር ሥራ ይፈታል፤ ጀልባ በሐይቅ ላይ ብትበሳ ግን የሰው ሕይወት ይጠፋል።

በጣና ከጥንት ጀምሮ የሚሠራበት የደንገል ታንኳ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ከገቡ ወዲህ የብረት፣ የፋይበርግላስና የእንጨት ጀልባዎችም ይገኛሉ። ይህ ጽሑፍ እያንዳንዱ ዓይነት ከውኃ ሲወጣ በአጭር ጊዜና በቀላል መሣሪያ ሊደረግለት የሚገባውን ጥገና ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

1. መቼና የት ማውጣት

ለዋናው ጥገና የሚመቸው ጊዜ ከክረምት በፊት ያለው በጋ ነው። ቀለምና ማጣበቂያ በደንብ የሚይዙት በደረቅ አየር ነው። በግንቦትና በሰኔ የሐይቁ ውኃ ዝቅ ስለሚል ዳርቻው ሰፊ ይሆናል። ሆኖም ውኃው ከሐምሌ ጀምሮ ወደ ላይ ስለሚመለስ ጀልባዋን በዝቅተኛ ቦታ ትቶ መሄድ አይገባም።

ጀልባዋ በድንጋይ ላይ መጎተት የለባትም። ድብልብል ግንዶች ከሥር አንጥፎ ማንከባለል ይሻላል። ከወጣች በኋላ ክብደቷ በአንድ ነጥብ ላይ እንዳያርፍ በሦስት ወይም በአራት ቦታ በእንጨት ትደገፍ። ባልተደገፈች ጀልባ ሥር ማንም ሰው ገብቶ መሥራት የለበትም።

2. ማጠብና መመርመር

ጭቃውና አልጌው ሳይደርቅ ይታጠብ፤ ከደረቀ በኋላ መፋቅ አድካሚ ነው። በጣና በ2004 ዓ.ም. ገደማ የታየው የእንቦጭ አረም ከትንሽ ቁራጭ እንኳ ስለሚራባ፣ በጀልባዋ፣ በሞተሩና በመረቡ ላይ የተጣበቀው ሁሉ ተለቅሞ ከውኃ ርቆ ይድረቅና ይቃጠል።

የሚያፈስሰውን ቦታ ለማግኘት ጀልባዋን በደንብ ከደገፉ በኋላ በውስጧ ጥቂት ውኃ አፍስሶ ከውጭ መመልከት ነው። ውኃው የሚያንጠባጥብበት ቦታ በከሰል ምልክት ይደረግበት። ውኃውን እስከ አፏ መሙላት ግን ክብደቱ ጀልባዋን ስለሚጎዳ አይገባም።

3. የደንገል ታንኳ

የደንገል ጠላት ርጥበት ነው። ደንገል የሚንሳፈፈው በውስጡ አየር ስላለ ነው፤ ውኃ በጠጣ ቁጥር ይከብዳል፣ ቀስ በቀስም ይበሰብሳል። ስለዚህ ታንኳ ሥራ ባበቃች ቁጥር ከውኃ መውጣትና ውኃዋ እንዲንጠፈጠፍ ዘንበል ብላ ወይም ቆማ በፀሐይ መድረቅ አለባት።

ስትደርቅ የሚከተሉት ይመርመሩ፦

ሀ. ማሰሪያዎቹ። የላላውን ማጥበቅ፣ ያለቀውን በአዲስ ልጥ መለወጥ ያስፈልጋል።
ለ. እስሮቹ። በእጅ ሲጫኑት የሚሟሽሽ ደንገል ይውጣና በደረቀ አዲስ ደንገል ይተካ። እርጥብ ደንገል ሲደርቅ ስለሚኮማተር ማሰሪያውን ያላላል።
ሐ. አፍንጫና ጭራ። ወደ ታች የጎበጠ ጫፍ ውኃ መጠጣቱን ያመለክታል።

የማሰሪያን ጥቅም ለመረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በ1961 ዓ.ም. ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ከጣና በተወሰደ ደንገል የተሠራች «ራ» የተባለች ጀልባ ይዞ አትላንቲክን ለመሻገር ተነሣ። ጭራዋ ውኃ ጠጥቶና ጎብጦ ባርባዶስ ሳትደርስ ቀረች። በ1962 ዓ.ም. የተሠራችው «ራ 2» ግን በ57 ቀን ተሻገረች። ሁለቱም ከደንገል ናቸው፤ የለያያቸው በዋናነት አሠራራቸውና አስተሳሰራቸው ነበር።

4. የእንጨት ጀልባ

የመጋጠሚያውን አሮጌ መድፈኛ በጥንቃቄ ማውጣት፣ ከዚያም የተገመደ ጥጥ በደነዝ መሮ ቀስ ብሎ መምታትና በላዩ ላይ መድፈኛ መቀባት ነው። ጥጡ ከመጠን በላይ ከተመታ እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ሳንቃዎቹን ይገፋቸዋል። በቢላዋ ጫፍ ሲወጉት በቀላሉ የሚገባ እንጨት በስብሷልና ይለወጥ እንጂ በቀለም አይሸፈን።

5. የብረት ጀልባ

ዝገቱ በመፋቂያና በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ይነሣ። ከዚያም በትንሽ መዶሻ ቀስ እያሉ መታ መታ ማድረግ ነው፤ ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የሳሳው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። የጸዳው ብረት በዚያኑ ቀን ጸረ ዝገት ቀለም ይቀባ፤ ካደረ እንደገና ይዝጋል። የሳሳ ቦታ በብየዳ ይለጠፋል። ከብየዳ በፊት ቤንዚንና የቤንዚን ጀሪካን በሙሉ ከጀልባዋ ይውጡ።

6. የፋይበርግላስ ጀልባ

የተሰነጠቀው ክፍል እስከ ጤነኛው ድረስ ተፍቆ ፈጽሞ ይድረቅ። ዙሪያው ከገላው ውፍረት 12 እጥፍ ያህል እየሳሳ ይሞረድ፤ ለምሳሌ ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ በየአቅጣጫው 60 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ለ1 ኪሎ ሬዚን ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ግራም ማጠንከሪያ ይበቃል፤ ሆኖም በጣሳው ላይ የተጻፈው ይጠበቅ። የተደባለቀው ቶሎ ስለሚጠነክር በጥቂት በጥቂቱ ማዘጋጀት ይሻላል። ሥራው አየር ባለበት ቦታ፣ በጓንትና ከእሳት ርቆ ይሠራ፤ የሚሞርደው ሰው አፍንጫውንና ዓይኑን ይሸፍን።

ቁሳቁሱ ከሌለ የመኪና የውስጥ ጎማ ቁራጭና ላሜራ በብሎን አጥብቆ መለጠፍ ይቻላል። ይህ ግን ጀልባዋን ወደ መጠገኛ ለማድረስ ብቻ ነው፤ ዓሣ አይጠመድበትም።

7. ወደ ውኃ ከመመለስ በፊት

የተጠገነች ጀልባ ጭነትና ሞተር ሳይኖራት በዳርቻ ለአንድ ሌሊት ታስራ ትደር። የእንጨት ጀልባ በመጀመሪያ ጥቂት ብታስገባ ሳንቃው ሲያብጥ ሊቆም ይችላል፤ የብረትና የፋይበርግላስ ጀልባ ግን ጠብታ እንኳ ካስገባች እንደገና ትውጣ።

ማሳሰቢያ

ጥገና የቱንም ያህል ቢያምር የውኃ መቅጃ ጣሳ፣ መቅዘፊያና የነፍስ አድን ጃኬት ሳይዙ መውጣት አይገባም። ለጥገና የጠፋ አንድ ቀን በሌላ ቀን ዓሣ ይካካሳል፤ ሰው ግን አይተካም።