ሳይክል ከቦንጋ ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር

ከቦንጋ በጅማ በኩል አዲስ አበባ ለመግባት ወደ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሳይክሉን አውቶቡስ ፖርቶመጋላ ላይ አስጭኖ የሚመጣ የቦንጋ ልጅ ዳገት አያስፈራውም፤ ያደገው ወጣ ገባ መሬት ላይ ነው። ይሁንና በመጀመሪያው ሰሞን ትንፋሽ ቢያጥረው አይደንግጥ። ቦንጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት፤ አዲስ አበባ ደግሞ 2,400 ሜትር ትጠጋለች። አየሩ ስለሚሳሳ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክሲጅን በ8 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በጥቂት ሳምንታት ይለመዳል፤ እስከዚያው ማርሽ ቀነስ ማድረግ ነው።

ዋናው ነገር የከተማዋ አቀማመጥ ነው። አዲስ አበባ ከሰሜን ወደ ደቡብ ያዘቀዘቀች ናት፤ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ሲል አቃቂ አካባቢ ወደ 2,100 ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ «ሥራ ቦታዬ ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል?» ከማለት በፊት «ጠዋት የምሄደው ሽቅብ ነው ቁልቁል?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል። ሽሮ ሜዳ ተከራይቶ መስቀል አደባባይ አካባቢ የሚሠራ ሰው ጠዋት ፔዳል እምብዛም ሳይረግጥ፣ ሸሚዙ ሳይረጥብ ቢሮ ይገባል። ላቡ ማታ ነው፤ ማታ ደግሞ ማን ያየዋል! ቦሌ አድሮ ስድስት ኪሎ የሚሠራው ግን ቅያሪ ልብስ መያዝ፣ ቀደም ብሎም መነሣት አለበት። እኔ ብሆን ቤት ስፈልግ ከኪራዩ ቀጥሎ የማየው ይህንን ነው።

ቁልቁለቱ ፍሬን ይበላል፤ የፍሬኑን ጎማ ቶሎ ቶሎ ማየት ያስፈልጋል። ለጭቃ የሚሆነው ጥርሳም ጎማም አስፋልት ላይ ከባድ ነው፤ ለስለስ ባለ ጎማ ቢለወጥና በደንብ ቢነፋ ጉልበት ይቆጥባል።

ከሁሉ በላይ መልመድ የሚያስፈልገው ሚኒባስ ታክሲውን ነው። ከውስጥ «ወራጅ አለ» ሲባል ወይም ረዳቱ አንገቱን በመስኮት ሲያወጣ ታክሲው ወደ ቀኝ ይጠመዝዛል፤ ሳይክል ያለውም እዚያው ቀኝ ጠርዝ ላይ ነው። በሩም የሚከፈተው በቀኝ ስለሆነ በታክሲውና በእግረኛ መንገዱ መሃል ሾልኮ ማለፍ ጨርሶ አይሞከርም። ኋላን አይቶ በግራ ማለፍ፣ ካልሆነም ሰው እስኪወርድ መቆም ነው። ሌላም አለ፦ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ማስገባት ከታገደ ወዲህ ድምፁ እምብዛም የማይሰማ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ከኋላ የሚመጣውን በሞተሩ ድምፅ ማወቅ ለለመደ ጆሮ ይህ አደገኛ ነው፤ አንገትን ማዞር ግድ ይላል።

በዚያው ዓመት በተጀመረው የኮሪደር ልማት ከአራት ኪሎ በመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ የብስክሌት መስመር ተሠርቷል። ትንሽ ዞሮም ቢሆን እሱን ይዞ መሄድ ያዋጣል፤ ቀለበት መንገዱ ግን ለሳይክል አይመከርም። ወደ ሥራ የሚወስደውን አዲስ መንገድ መጀመሪያ እሑድ ጠዋት፣ ከዚያ ሥራ ባለበት ቀን በመግቢያ ሰዓት መሞከር ጥሩ ነው፤ ሁለቱ የተለያዩ መንገዶች እስኪመስሉ ድረስ ይለያያሉ።

ዝናቡን በተመለከተ የቦንጋ ሰው ትምህርት አያሻውም፤ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ሲዘንብበት ኖሯል። አዲስ አበባ ክረምት ላይ የሚያሰጋው ጎርፉ የሸፈነው ክዳን አልባ ጉድጓድ ነው። ታቹ የማይታይ ውሃ ካጋጠመ ወርዶ ሳይክሉን በጠርዝ እየገፉ ማለፍ ይሻላል።